ቲቸር ዘርፉና የአልጌዋ ዶቃ
በደርግ ጊዜ አዳማ ላይ ባዮሎጂ የተማረ ሰው ቲቸር ዘርፉን አይረሳም። ቆፍጣና ናት፤ ማሾፍም ትችልበታለች። ከመልካሳ ቦይ አረንጓዴ አልጌ በጣሳ ቀድታ ትመጣና፣ አንዲት ክር ስስ መስታወት ላይ አድርጋ፣ ተማሪዎቿን አንዲቱ ማይክሮስኮፕ ፊት ታሰልፋለች።

«ይህች እንደ ጥብጣብ የተጠመዘዘችው ክሎሮፕላስት ናት» ትላለች፣ ሰሌዳው ላይ እየሳለች። «እላይዋ ላይ የተሰኩት ዶቃዎች ፒሬኖይድ ይባላሉ። ካርቦን ዳይኦክሳይድን ይዞ የስኳሩን ሥራ የሚጀምረው ኢንዛይም እዚያ ውስጥ ነው የታጨቀው። ኢንዛይሙን በዚህች ማይክሮስኮፕ አታዩትም፤ አዮዲን ጠብ ሲልበት ግን በዶቃው ዙሪያ ያለው ስታርች ይጠቁራል። ያያችሁትን ብቻ ሳሉ። ያላየውን የሳለ ወዮለት።»

ችግሩ፣ እሷ ራሷ በደንብ ማየት ካቆመች ሰንብታለች። የዓይን ሞራ ነው። የምትስለው በልምድ ነው፤ ለማንም ትንፍሽ አላለችም። ከታወቀ ከክፍል አውጥተው መዝገብ ቤት ያስቀምጧታል፤ ለዘርፉ ደግሞ ያ ሞት ነው።

አንድ ቀን እንደተለመደው አሰለፈቻቸው። መጀመሪያ ዲንቄ አየችና «ጠቁሯል ቲቸር» አለች። ከኋላዋ ያሉትም ተራ በተራ «ጠቁሯል» እያሉ ሄደው ሳሉ። በመጨረሻ ከደራ የመጣው አዲሱ ተማሪ ኢተፋ ጎንበስ አለ፤ ቆየ።

«ቲቸር፣ እዚህ ምንም የለም። ባዶ መስታወት ነው።»

ዘርፉ በጣቷ ዳሰሰች፤ እውነትም አልጌዋ ጠረጴዛው ላይ ወድቃ ደርቃለች። ደሟ ፈላ።

«ታዲያ እናንተ ምኑን ነው ያያችሁት?»

ዲንቄ ተነሣች። «ቲቸር፣ ዓይንዎ እንደደከመ ካወቅን ቆየን። ኢተፋ አዲስ ስለሆነ አልነገርነውም። እርስዎን እንዳይወስዱብን ብለን ነው።»

ዘርፉ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። አፈረች።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለች። «ያላየሁትን ስስል የከረምኩት እኔ ነኝ። ና ኢተፋ፣ አስቀምጥና ያየኸውን ንገረኝ።»

ኢተፋ አንዲት የአልጌ ክር አስቀመጠ፣ አዮዲን ጠብ አደረገባት፣ ያየውን ነገራት። ጠመኔዋን ይዛ እሱ እንዳለው ሳለች። ዶቃዎቹ ከለመደችው በዝተው ተገኙ።

በማግስቱ፣ ሌላ ሰው ሳይቀድማት፣ ዳይሬክተሩ ዘንድ ገብታ «ዓይኔ አያይም» አለችው።

«ታዲያ እንዴት ልታስተምሪ ነው?»

«ልጆቹ ያያሉ፤ እኔ እሰማለሁ።»

ዳይሬክተሩ ብዙ አሰበና «እስከ ሰኔ» አላት። እስከ ሰኔ አስተማረች፤ ተማሪዎቿም መስታወቱ ባዶ ሲሆን «ባዶ ነው ቲቸር» ይሏት ጀመር።