አስቻለው ሞተሩን ያጠፋ ዕለት

አስቻለው ሃያ ዓመት ሙሉ ሲነዳ የኖረ ሾፌር ነው፤ ቆሞ መዋል አይሆንለትም። አሁን መሬት ለሚለኩ ባለሙያዎች ተቀጥሮ፣ ከአርብ ገበያ ወጣ ብሎ ገብስ ማሳ ዳር የድሮን ባትሪ ከመኪናው ቻርጅ ያደርጋል። ሞተሩ በከንቱ ሲንደቀደቅ ናፍጣው ከገዛ አንጀቱ የሚፈስ ይመስለዋል። ይወርዳል፣ ጎማውን በእግሩ መታ መታ ያደርጋል፣ ተመልሶ ይገባል።

«ሞተሩን እንዳታጠፋው አደራ» ብላው ነበር ድሮን አብራሪዋ ፅጌረዳ። ራቅ ስትልለት አጠፋው።

ከሰዓት ደመናው ሲጠቁር ድሮኑም ወረደ። አራቱም ባትሪዎች ሞልተዋል። አስቻለው ቁልፉን አዞረ፤ መኪናው ጭጭ። ደግሞ አዞረ፤ ጭጭ።

«እነዚህ የመኪናውን ባትሪ መጥጠው ጨረሱት» አለ፣ ፅጌረዳን ላለማየት አንገቱን ደፍቶ።

ከማሳው አጨዳቸውን አቋርጠው፣ ማጭዳቸውን ጥለው መኪና ሊገፉ የመጡት እትየ ዓለሚቱ ሰምተው ሳቁ።

«ታዲያ ልጄ፣ ጥጃው ሲጠባ ሲውል ላሟን ማን አበላት?»