የማይሰማው ፋን

ባለፈው ሳምንት የኮምፒዩተሬ ፋን እንደታመመ ትራክተር ማጓራት ጀመረና ሌላ ልገዛለት ወደ አንድ መለዋወጫ ሱቅ ሄድኩ። በዚህ ዘመን ጠረጴዛ ሙሉ የሚይዝ ኮምፒዩተር መጠቀሜ ወዳጆቼን ያስቃቸዋል፤ ይሳቁ። ሻጩ ወጣት አንዱን ፋን ከካርቶኑ አውጥቶ ከኃይል ጋር አገናኘና ጆሮዬ ሥር አስጠጋው።

«ይሰማዎታል ጋሼ?»

«ምንም።»

«አዩ! መዞሩን በዓይንዎ ካላዩ በቀር አያውቁም።»

ይህን ለማሞገስ ነበር የተናገረው። «የሚጮኸውን ስጠኝ» አልኩት። ዋጋው ያስፈራኝ መስሎት አዘነልኝ፤ ቅናሽ ሊያደርግልኝም ሞከረ። የፈራሁት ሌላ መሆኑን ላስረዳው ብል ሃያ ዓመት ወደ ኋላ፣ እስከ ጎባ ድረስ መሄድ ነበረብኝ፤ ከኋላዬ ደግሞ ሰዎች ቆመዋል። የሚጮኸውን ገዝቼ ወጣሁ።

ጸጥታን የሚያወድሱ ብዙ መጻሕፍት አንብቤአለሁ። ደራሲዎቻቸው ሁሉ ጸጥታን ፈልገው የሄዱ ናቸው፤ ሲበቃቸውም ተመልሰዋል። ሳይጠሩት ቤታቸው ገብቶ የተቀመጠባቸው ሰዎች ስለ እሱ መጽሐፍ ሲጽፉ አላየሁም።

ያን ጊዜ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። አባቴ ጎባ ውስጥ ማመልከቻ ጸሐፊ ነበር። አንዲት ጠረጴዛ፣ አንድ አግዳሚ ወንበርና አንድ ጃንጥላ ይዞ ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ይቀመጣል። ጎባ የክፍለ ሀገሩ ዋና ከተማ በነበረችበት ዘመን ባለጉዳዩ ተሰልፎ ይጠብቀው ነበር ይላሉ። በኋላ መንግሥት ተለወጠ፣ ክልል መጣ፣ ብዙው መሥሪያ ቤት ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ሮቤ ወረደ፤ የጽሕፈቱም ቋንቋ ኦሮምኛ ሆነ። በዚህ ለውጥ ያለቀሱ ሰዎች ነበሩ፣ የጨፈሩም ነበሩ፤ ሁለቱም ወገኖች አባቴ ከእነሱ ጋር እንዲሆን ይጠብቁ ነበር። እሱ ግን ኦሮምኛውን ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋልና የላቲኑን ፊደል ከጎረቤት ልጅ የአንደኛ ክፍል መጽሐፍ በሃምሳ ስድስት ዓመቱ ተምሮ ወደ ጠረጴዛው ተመለሰ። «በደል እንደሆነ በሁለቱም ይጻፋል» ይል ነበር።

የሥራው ዋና መሣሪያ ግን ብዕሩ አልነበረም። ጽፎ ሲጨርስ ማመልከቻውን ጮክ ብሎ ለባለጉዳዩ ያነብለታል። ማንበብ የማይችለው ገበሬ የራሱን በደል ከሌላ ሰው አፍ፣ በዚያ ወፍራምና ዝግ ባለ ድምፅ ተስተካክሎ ሲወጣ ይሰማና መጀመሪያ ይደነግጣል፤ ከዚያ ጭንቅላቱን ይነቀንቃል። ያለቀሱም አሉ። አንዳንዱ ከሰማ በኋላ ልቡ ይረካና ማመልከቻውን ሳያስገባ ወደ አገሩ ይመለሳል።

በዚያ ዓመት ያ ድምፅ ሻከረ። የጎባ ሐኪሞች ወደ አዲስ አበባ ላኩን፤ አዲስ አበባ ያዩት ሐኪም በጉሮሮው ያለው እባጭ ክፉ ነው፣ ነፍሱ እንድትተርፍ የድምፁ ሳጥን መውጣት አለበት አሉ። ቀጠሮው ለታኅሣሥ ተሰጠ። ሰባት ሳምንት ነበረን።

እኔ በአንድ የጽሕፈት አገልግሎት ቤት ተቀጥሬ እሠራ ነበር፤ ከዚህም ከዚያም በለቀምኩት ዕቃ የገጣጠምኩት የራሴ ኮምፒዩተርም ነበረኝ። የአባቴን ድምፅ እሱ ላይ ልቅዳ ብዬ ተነሣሁ።

«ቴፓችን ምን ሆነ?» አለ አባቴ።

«ካሴት ይበላሻል አባዬ። ክሩ ይበጠሳል። ኮምፒዩተር ውስጥ የገባ ነገር ግን ለዘለዓለም ይኖራል።»

«ለዘለዓለም!» አለ፣ በሻከረው ድምፁ እየሳቀ። «እንግዲያው ፀጉሬን ላበጥር።»

የመጀመሪያውን ቅጂ አብረን ሰማነው። ከአባቴ ድምፅ በፊት የሚሰማው ፋኑ ነበር። አባቴ በጥሞና አዳምጦ፣ «ወፍጮ ቤት አስቀምጠኸኝ ነው?» አለኝ።

«ቢጮህስ?» አለች እናቴ። «የአባትህም ድምፅ ይሰማል አይደል?»

እናቴ እስከ አራተኛ ክፍል ነው የተማረችው፤ እኔ ደግሞ መጽሔት አነብ ነበር። የንጹሕ ቅጂን ምንነት አስረዳኋት። እሷም እንደ ሁልጊዜው ተረድታ ሳይሆን ደክሟት ተወችኝ። እኔም ጸጥ ያለ ፋን ፍለጋ ወጣሁ።

ከጎባ ሮቤ ሚኒባሱ ሞልቶ እስኪነሣ የሚፈጀው ጊዜ ከመንገዱ ይረዝማል። ኅዳር ነበር። ስንዴው ከመንገዱ ግራና ቀኝ ቢጫ ሆኖ ተኝቷል፣ ኮምባይነሮቹ ገና መግባታቸው ነው፣ ጠዋት ጠዋት የባቱ ተራራ ራስ በውርጭ ይነጣል። ሮቤ ገበያው አጠገብ ጀማል የሚባል ሬዲዮ ጠጋኝ የኮምፒዩተር ዕቃም ይሸጥ ነበር። ከእኔ ጥቂት ዓመት ይበልጣል። በስሜ ሳይሆን በከተማዬ ስም ነበር የሚጠራኝ።

«አካም ጅርታ፣ ጎባ! ቢሮዎቻችሁን ወሰድንባችሁ፤ አንተ ደግሞ ብድር ልትመልስ መጣህ?»

«ጸጥ ያለ ፋን ስጠኝ።»

«ዋላሂ፣ እኔን ሰው የሚጠይቀኝ የሚሠራ ፋን ነው። ጸጥ ያለ ብሎ የመጣ አንተን ብቻ አየሁ። ደግሞ በጎባ ብርድ! እዚያ ኮምፒዩተር ጉንፋን ይይዘዋል እንጂ መቼ ይሞቃል?»

ለምን እንደፈለግሁት ነገርኩት። ቀልዱን አቆመ፤ እጁንም በሱሪው ጠራረገ።

በገበያው ጩኸትና በጋሪዎቹ ደወል መካከል የፋን ድምፅ መለካት አይቻልም። ጀማል ከሱቁ በስተጀርባ፣ ገብስ በጆንያ እስከ ጣሪያ የተደረደረበት ጓዳ ነበረው። እዚያ ገብተን በሩን ዘጋን። ጆንያው ድምፁን ሁሉ ይውጠዋል፤ የራሴን ትንፋሽ እሰማ ነበር። ጀማል ፋኖቹን ከአሮጌ የኃይል ሳጥን ጋር እያገናኘ አንድ በአንድ አዞረልኝ። ትንሹ ኩሽኔታ ነበረው፤ ጠንካራ ነው፣ ግን እንደ ትንኝ ያቃጭላል። ሌላው ሲነሣ ጸጥ ይልና ሲሞቅ ያንኳኳል። ጆንያ ላይ ተቀምጠን እናቱ የላከችለትን ጩኮ በጣታችን እየቆነጠርን፣ የተጠበሰው ገብስና ቅቤው አፋችን ውስጥ እየሟሟ፣ ሁለት ጎልማሶች ለነፋስ ጆሮ ሰጥተን ዋልን። ከፋኖቹ አንዱም አልተስማማኝም። «የተሻለ አምጣ» አልኩት።

እንዲህ እያልኩ አራት ሳምንት ተመላለስኩ። ከሰባቱ አራቱን ማለት ነው። በየምሽቱ ስመለስ አባቴ «ዛሬስ ተገኘ?» ይለኛል፤ ይህችን የምትለዋ ድምፅ በየሳምንቱ ትቀጥን ነበር። እሰማታለሁ። እሰማትና ይበልጥ ንጹሕ ቅጂ ያስፈልጋል ብዬ እደመድማለሁ። ብዙ ማንበብ ለሰው የሚሰጠው ትልቁ ችሎታ የያዘውን ስሕተት በምክንያት ማጠናከር ነው።

በአራተኛው ሳምንት ጀማል አንድ ትልቅ ፋን ከአሮጌ የቢሮ ማሽን አውጥቶ ጠበቀኝ። መዳፍ ያህላል። ኩሽኔታ የለውም፤ በዘይቱ ብቻ ነው የሚዞር።

«ስማ፣ ቢጫው ሽቦ ላይ ካሰርኩት ይሮጣል። ቀዩ ላይ ካሰርኩት በእግሩ ይሄዳል» አለኝ። ቀዩ ላይ አሰረው። ፋኑ አንዴ ተንገራገጨ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ መዞር ጀመረ። ጓዳው ውስጥ ምንም አልተሰማም።

«ጨሊሳ» አለ ጀማል፣ በኦሮምኛ ዝምተኛ ማለቱ ነው። «ግን አየር እንዳትከለክለው። ሽማግሌ ነው፤ እንደ ጎረምሳው ከየትም አይስብም። ከግድግዳ አርቀው፣ ምንም አታስጠጋው።»

አቀፍኩት። ጀማልን ነው ያቀፍኩት፤ ፋኑንም ሳይሆን አይቀርም።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ስምንት ቀናት በሕይወቴ ካሳለፍኳቸው ሁሉ ጥሩዎቹ ናቸው። አባቴ ጋቢውን ተከናንቦ ማይክሮፎኑ ፊት ይቀመጣል፤ ሲደክመው ሞቅ ያለ ወተት በማር ይጠጣል። የአባቶቹን ስም እስከ ዘጠነኛው ቆጠረ። የጻፋቸውን ማመልከቻዎች በቃሉ አወጣቸው። አንድ ገበሬ ገብሱን ሲያዘራ ነፋስ ጠርጎ ጎረቤቱ ማሳ ላይ በተነበትና ጎረቤቱን ሳይሆን ነፋሱን ክሰስልኝ ብሎ መጣ። አባቴም ጻፈለት። «ከሳሽ፣ ገበሬው። ተከሳሽ፣ ነፋስ። አድራሻ፣ ከሳኔቴ አምባ በኩል የሚመጣ። ሳነብለት፣ ‹ጠበቃ ያቆማል እንዴ?› ብሎ ጠየቀኝ።» እናቴ በሩ ላይ ቆማ ሳቋ ቅጂው ውስጥ እንዳይገባ አፏን በነጠላዋ ይዛ ትንቀጠቀጥ ነበር። ድምፁ ቀጥኗል፣ ይሰነጠቃል፤ የእሱ ግን ነበር፤ ከኋላውም ምንም አልነበረም።

ጀማል ሲዲ መቅጃ ነበረው። ቅጂውን ወደ ሲዲ እንድገለብጥ መክሮኝ ነበር። ቅጂው ውስጥ አንዲት ስስ እሽሽታ ቀርታ ስለነበር አልጠራም ብዬ ተውኩት። ወደ አዲስ አበባ በምንሄድበት ጠዋት ድምፅ የሚያጠራውን ፕሮግራም አስነሣሁት፤ ለዚያ ደካማ ማሽን የሁለት ቀን ሥራ ነው። ስክሪኑን አጥፍቼ፣ ለእናቴ ምንም ሳልነግር፣ የአባቴን ሻንጣ ይዤ ወጣሁ።

በእኛ ከተማ ውድ ዕቃ ራቁቱን አይቀመጥም፤ ይለብሳል። ቴሌቪዥኑ ዳንቴል አለው፣ ቴፑ ዳንቴል አለው፣ ለኮምፒዩተሩም እናቴ በእጇ ሠርታለት ነበር። ድሮ መሥራቱን የምታውቀው በፋኑ ጩኸት ነው፤ ሲጮህ አትነካውም፣ ዝም ሲል ታለብሰዋለች። የፊቱ ትንሽ መብራት ከተቃጠለች ቆይታ ነበር። ያን ጠዋት እኛን ሸኝታ ስትገባ ቤቱ ዝም ብሏል። ወቅቱ የአጨዳ ነው፤ እብቁ በመስኮት ስንጥቅ ሁሉ ይገባል። ዳንቴሉን አለበሰችው። አልበቃትም፤ በላዩ ብርድ ልብስ አጥፋ ደረበችበት፤ ጫፉንም ከኋላው አስገብታ ጠቀጠቀችው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ስንመለስ አባቴ አንገቱን በነጭ ሻሽ ጠቅልሎ ነበር። ይተነፍሳል፣ ይራመዳል፣ ይስቃል፤ ድምፅ የለውም። እናቴ እሱን አስቀምጣ ወደ እኔ ዞረችና ብርድ ልብሱን በኩራት ገለጠችው።

«እይ! አንዲት ቅንጣት አቧራ አልነካውም።»

ቁልፉን ብጫነው አይነሣም። ስከፍተው የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ። ሃርድ ዲስኩን ይዤ ሮቤ ሄድኩ። ጀማል ከሌላ ማሽን ጋር አገናኝቶ ጆሮውን አስጠጋ። ትክ፣ ትክ፣ ትክ ይላል። አንገቱን ደፋ። በኋላ አዲስ አበባ ድረስ ወስጄው እዚያም አንገታቸውን ደፍተዋል።

«የኔ ፋን ነው ወይስ የእናቴ ብርድ ልብስ?» አልኩት።

ጀማል ዲስኩን ነቅሎ እጄ ላይ አኖረው። «ይሄን ለማን ብለህ ነው የምትጠይቀኝ? ለራስህ ከሆነ ሁለቱም ነው። ለእናትህ ከሆነ መብራት ነው፤ ሄዶ ሲመለስ አቃጠለው።»

በማግሥቱ አባቴ አንድ ወረቀት ሰጠኝ። ባማረ የእጅ ጽሕፈቱ፣ በማመልከቻ ደንብ የተጻፈ ነው። «ለክቡር ልጄ። ጉዳዩ፣ ድምፄን ስለማሰማት። አመልካች ድምፁን ከሰማ ሳምንታት ስላለፉት፣ በእርስዎ ዘንድ በአደራ የተቀመጠው እንዲሰማለት በትሕትና ያመለክታል።» እናቴ አጠገቡ ተቀምጣ ቀድሞ ነግሯት ኖሮ ፈገግ ብላ ትጠብቅ ነበር።

«መብራት ነው» አልኩ። «ሄዶ ሲመለስ አቃጠለው። ምንም አልተረፈም።»

እናቴ መብራቱን ረገመች። አባቴ አየኝ። የሰው በደል ሲያዳምጥ የኖረ ሰው ነው፤ ውሸት የተቀላቀለበትን ያውቃል። ብርድ ልብሱን አየ፣ እናቴን አየ። ወረቀቱን ከእጄ ወስዶ ከግርጌው ጻፈበት፦ «ይግባኝ አልጠይቅም።»

ከዚያ በኋላ አሥራ አራት ወር ኖረ። ቤታችን ውስጥ የብዕር ድምፅ ብቻ ነበር። ወረቀቶቹ ሁሉ አሉኝ፤ የነፋሱንም ክስ በቃሌ እወጣዋለሁ። ቃሉ አንዲት ሳይጎድል አለ። ድምፁ ግን ከየት ጀምሮ እንደጠፋኝ አላውቅም፤ አንድ ቀን ልሰማው ብዬ ወደ ውስጤ ዞር ስል አልነበረም። ጊዜ ያሽራል የሚሉኝን አላምንም። እኔ ያየሁት ጊዜ ሲያሽር ሳይሆን፣ መጀመሪያ የወሰደውን ደግሞ ተመልሶ ሲወስድ ነው።

እናቴ አሁንም ጎባ ናት። እሑድ እሑድ እደውልላታለሁ። ባለፈው እሑድ ገና ሰላም ሳልላት፣ «ቆይ፣ አትዝጋ፣ ይህን ስማ» አለችና ስልኩን ሬዲዮው አፍ ላይ አስጠጋችው። አንድ ሰው ስለ ስንዴ ዋግ በዝግታ ያስረዳል።

«ሰማኸው?»

«ሰማሁት።»

«ድምፁ ቁርጥ አባትህ አይደል?»

በነገር ሁሉ የምከራከር ሰው ነኝ። ነው ለማለትም አይደለም ለማለትም ግን የማስተያይበት ሌላ ድምፅ ያስፈልገኝ ነበር። ስልኩን ጆሮዬ ላይ አጥብቄ ያዝኩት። እናቴ መልሴን አልጠበቀችም።

«በል ዝጋ» አለችኝ፣ «ሊያልቅብኝ ነው።»