ጀርባዬን ሰጥቼ ያደረስኩት አደራ

ስለ ራሴ አስቀድሜ ልናገር፤ ሌላ ሰው ሲናገረው ያሳንሰዋል። ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደል የቆጠርኩት ከቤተ ልሔም የቆሎ ተማሪዎች ነው። ሊለምኑ ሲመጡ ደጃፌ ላይ ይቀመጣሉ፤ እኔ ቆሎ እሰጣለሁ፣ እነሱ ፊደል ይሰጡኛል። ከዚያ ወዲያ አስተማሪዬ ራሴ ነኝ። ዳዊት ደገምኩ። ሕገ መንግሥቱን ከንፋስ መውጫ ገበያ ገዝቼ በቃሌ አጠናሁ። የወሰን ክርክር ያለበት ሰው ከወገዳ ድረስ እኔን ፍለጋ ይመጣል። ጠበቃ አይደለሁም፤ ጠበቆች ግን ሲያዩኝ ወረቀታቸውን መልሰው ያነባሉ። ከዚህ ሁሉ በላይ የምኮራው ግን የሰው አደራ ፈትቼ ያየሁበት ቀን ስለሌለ ነው።

አምና ዓይኔን ሞራ ጋረደው። አዲስ አበባ ያለችው ልጄ ለሕክምና ስትጠራኝ፣ በመኪና አይሆንም ብላ የአውሮፕላን ትኬት ቆረጠችልኝ። መሄዴን የሰማች ጎረቤቴ፣ ባሏ የሞተባት ሴት፣ አፉ በቀይ ክር የተሰፋ ከረጢት ይዛ መጣች።

«ጋሼ፣ አዲስ አበባ ላለው ልጄ ያድርሱልኝ። ከእሱ እጅ በቀር እንዳይፈታ፣ አደራ» አለችኝ።

በእኛ አገር አደራ ተቀባይ ምን እንዳለበት አይጠይቅም። መጠየቁ ራሱ ግማሽ መፍታት ነው። እሷ አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም። ነገሩ እንደሚከብዳት ግን ካሰፋፏ ገባኝ፤ ክሩን ደርባ ደርባ ነበር የሰፋችው።

መንገድ ላይ ያሉት ፈታሾች ኪሴን ዳበስ ዳበስ አድርገው፣ ሽበቴን አይተው አሳለፉኝ። አውሮፕላን ማረፊያውም እንዲሁ መስሎኝ ነበር። እዚያ ግን ጫማም ቀበቶም አውልቅ ተባልኩ። ሱሪዬን በአንድ እጄ ይዤ፣ «ማተቤን ግን አልበጥስም» አልኳት ፈታሿን።

«ማተብዎን ማን ጠየቀዎት አባቴ?» አለች።

ከረጢቱ ማሽኑ ውስጥ ገባና ቆመ። ፈታሿ የማሽኑን መስኮት ደጋግማ አየች።

«ይሄ የማን ነው?»

«የጎረቤቴ።»

«ውስጡ ምን አለ?»

«አላውቅም።»

«ማን ሰፋው?»

«እሷ።»

«እርስዎ አላዩትም?»

«ለምን ብዬ አያለሁ?» አልኳት በኩራት።

ታደንቀኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። እሷ ግን ከረጢቱን ከእኔ አራቀችው። ግራ መጋባቴ የጀመረው ያኔ ነው። በእኛ ዘንድ «አላውቅም» የታማኝ ሰው መልስ ነው፤ እዚያ ግን የተጠርጣሪ ሆነ።

«ልጄ፣ የሰው ዕቃ እንዲሁ አይበረበርም። ሕገ መንግሥቱ ላይ አለ፤ ልጥቀስልሽ?»

«ይጥቀሱልኝ» አለች። ጠቀስኩላት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። «እውነት ነው፤ እምቢ ማለት ይችላሉ። እምቢ ካሉ ግን ከረጢቱም እርስዎም አይሳፈሩም።»

«ታዲያ የምችለው ምኑን ነው?»

«መመለስ።»

ሕግ ቢሆን አውቅበታለሁ፤ ጉልበት ቢሆንም አውቅበታለሁ። ይሄኛው ከሁለቱም አልገጥም አለኝ።

ከኋላዬ የቆመ ከረባት ያሰረ ሰው፣ «አባባ፣ አውሮፕላን በቅሎ አይደለም፤ አስረው አያቆዩትም» አለ።

«አንተ ብትሆን የሰው አደራ ትፈታለህ?» አልኩት።

«እኔማ መጀመሪያውንም አልቀበልም።»

«እንግዲያ ጎረቤት የለህማ» አልኩት። ሰልፉ ሳቀ። ፈታሿ ግን አልሳቀችም።

«አባቴ፣ የእሱንም ሻንጣ እፈትሻለሁ። አጠገብዎ የሚቀመጥ ሰው ምን እንደያዘ ሳላይ ባሳልፈው ደስ ይልዎታል?»

እውነቱን ለመናገር ደስ አይለኝም። መብቱ የራሴ ቢሆን ኖሮ እለቀው ነበር። የሰው መብት ግን እንዴት ይለቀቃል? ለጎረቤቴ ደወልኩ፤ መስመር የለም። ከረጢቱን ትቼ ብሄድ አደራ በላ ነኝ። ብፈታውም ያው ነው። ይዤው ብመለስ ደግሞ ዓይኔ ቀረ። በዚህ መሐል ተሳፋሪ ግባ ተባለ።

«አንቺ ፍቺው» አልኳት። «እኔ ጀርባዬን ልስጥ።»

«እርስዎ እያዩ መፈታት አለበት። ደንቡ ለእርስዎው ጥቅም ነው፤ ኋላ ጎደለብኝ እንዳይሉ።»

«ይኸው ቆሜያለሁ። ፊቴን ባዞርም ባላዞርም ዓይኔ ሞራ ነው።»

ትንሽ አሰበችና እሺ አለች። ወደ ግድግዳው ዞሬ ዳዊቴን ጀመርኩ። መቀሱ ክሩን ሲቆርጠው ሰማሁ። ከረጢቱን ስታገላብጥ ቆየች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «የሚያሰጋ ነገር የለውም። ምን እንደሆነ ልንገርዎ?» አለች።

«አትንገሪኝ። ስፊው።»

ከተሳፋሪ የተያዙ ዕቃዎች ካሉበት ሣጥን መርፌና ጥቁር ክር አውጥታ፣ እሷም ደርባ ደርባ ሰፋችው።

«መርፌውን ከማን ቀማሽው?»

«እንደ እርስዎ ከሚከራከሩ አንዲት እናት።»

አዲስ አበባ እንደገባሁ የጎረቤቴ ልጅ ካረፍኩበት ከልጄ ቤት ድረስ መጣ። ከረጢቱን ሲቀበለኝ መጀመሪያ ያየው ስፌቱን ነው።

«እናቴ በጥቁር ክር አትሰፋም» አለ።

የሆነውን ነገርኩት። ክሩን በጥሶ ፈታው። በሶ ነበር። እጁን በሶው ውስጥ ሰዶ፣ ሟች አባቱ አንገቱ ላይ ያስረው የነበረውን የብር መስቀል አወጣ። ተሳለመውና አንገቱ ላይ አሰረው። ማሽኑን ያስደነገጠው ይህ ነበር፤ ዱቄት ውስጥ የተቀበረ ብረት።

መስመር ሲገኝ እናቱ ጋ ደወለና ስልኩን ሰጠኝ።

«ጋሼ፣ ማን ፈታው?»

«ፈታሿ።»

«እርስዎስ?»

«ጀርባዬን ሰጥቼ ነበር።»

«እንግዲያ የማያውቀን ሰው አየው፣ የሚያውቀን ሳያየው ቀረ» አለችኝ።

ማመስገኗ ይሁን መቀየሟ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ዘንድሮ ዓይኔን ለማሳየት ዳግመኛ ስሄድ ለልጇ ሌላ ከረጢት ላከች። አፉን አልሰፋችውም። «ይዩትና ይውሰዱት» አለችኝ። አምናኝ ነው ወይስ አደራ መስጠቱን ትታው? አስቤ አስቤ አልደረስኩበትም። ሳላይ ወሰድኩት፤ ፈታሿ ስትጠይቀኝም «አላውቅም» አልኩ።

እንግዲህ የሆነልኝን ልቁጠር። ማተቤ አልተበጠሰም። ሕገ መንግሥቱን ሳልሳሳት አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ ጠቀስኩ። ከረባት ያሰረውን ሰው ዝም አሰኘሁ። የመንግሥት ፈታሽ መርፌ አስይዤ አሰፋሁ። ከአውሮፕላኑ አልቀረሁም። ሞራው ተገፎልኝ ይህን በራሴ ዓይን እጽፋለሁ። መስቀሉ ከአባት አንገት ወደ ልጅ አንገት ደረሰ። እኔም ልጁ እስኪያወጣው ድረስ አላየሁትም።