የቄስ ማናሴ ግዝት

የቆቃው ቄስ ማናሴ ባጃጅ ሲሳፈሩ፣ «ሆዴን እንደ አንድ ሰው ቆጥረህ አስከፍለኝ» እያሉ ሾፌሩን ያስቁታል። ልቅሶ ቤት እንኳ ሐዘንተኛውን ፈገግ ሳያሰኙ አይነሡም ነበር። ባለቤታቸው አረጋሽ ያን ጨዋታ ከሰማች አምስት ወር አለፋት።

ጫምሳ ነው ያስጠራቸው። ከሞጆ እስከ መቂ ይህን ሽፍታ የማያውቅ የለም፤ ጥይት አይመታውም፣ ከድሃም አይቀማም ይሉታል። ከሰዎቹ አንዱ ተመትቶ ሲያጣጥር የሚያናዝዘው ካህን ፈለገ። ቄሱም ለእራት እመለሳለሁ ብለው ሄዱ።

ልጁን አናዘዙት፤ ፈትተውም ቀበሩት። ከመቃብሩ ሲመለሱ ሽፍቶቹ ጠመንጃ ይወለውላሉ። ጠቁሞ ልጁን ያስመታው የአይሱዙ ሾፌሩ ወዬሳ ነው፤ ሊገድሉት ነው። ቄሱ ደንግጠው መስቀላቸውን አነሡ። ለሁልጊዜው ብገዝታቸው እሺ አይሉኝም ብለው ሰግተው፣ እሳቸው አብረዋቸው እስካሉ ድረስ ደም እንዳያፈሱ ገዘቷቸው። የሽፍቶቹ ቁጣ ሲበርድ ወደ ቤታቸው ሊመለሱ ነበር። ቁጣው ግን አልበረደም፤ ቄሱም እዚያው ቀሩ።

አረጋሽ ዛሬ የታጠበ ጥምጥም ይዛ ሐይቁ ዳር ቆማለች። ሽፍቶቹ ቄሱን ይዘው የሚመጡባት ጀልባ ደረሰች። ቄሱ ከስተዋል። ጫምሳ ቀድሞ ወርዶ እጅ ነሣ።

«ልጄ፣ ባሌን መልስልኝ» አለችው።

«እኛ አልያዝናቸውም፣ እትዬ። መንገዱ ክፍት ነው።»

«ከመጡስ?»

አንገቱን ደፋ። «ከመጡማ ግዝቱ ያበቃል።»

ጥይት የማይፈራው ሰው ግዝት ይፈራል። አረጋሽ ወዬሳን ታውቀዋለች፤ የመጨረሻዋን ልጁን ክርስትና ያነሣቻት እሷ ናት። ሽሽ ብትለው፣ ሰባት ልጅ ይዤ የት እገባለሁ ብሏታል።

ቄሱ ጥምጥሙን ተቀብለው አሸተቱት። «ሽፍቶቹን ጾም አስለመድኳቸው፣ አረጉ። እኔንም አብረው አስጾሙኝ» አሉ። ሳታስበው ሳቀች፤ ወዲያው በሳቋ ተናደደች።

ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ይምጡ ካልሽኝ፣ አሁኑኑ እመጣለሁ» አሏት።

አፏን ከፈተች። ውኃው ጀልባዋን ይገፋል፣ ይመልሳል። ጫምሳ ፊቱን አዙሮ ቆሟል። የክርስትና ልጇ ትናንት ቀሚሷን ይዛ ስትንጠለጠል ታየቻት።

«ያደፈውን ጥምጥም ይስጡኝ» አለች። «ለመጪው ገበያ አጥቤ አመጣዋለሁ።»