እናቴ በረንዳ ላይ ሆና ስታርሰኝ

ከእናቴ ምን ወረስሽ ብባል ቁመቴን፣ ግትርነቴንና ፎጣ አለማዋሴን እላለሁ። ፎጣ አለማዋስ ሰው ፊት ደረት የሚያስነፋ ነገር እንዳልሆነ አውቃለሁ። እንግዳ መጥቶ እጁን ታጥቦ፣ በር ላይ የተሰቀለውን ፎጣ ሊያነሳ ሲል «እሱን ተወው፣ ሌላ ላምጣልህ» ማለት ያስቀይማል። እኔ ግን እላለሁ፣ ስልም አላፍርም።

የእኛ ቤት በሽታ ብጉንጅ ነበር። ሰው ይህን ሲሰማ ይስቃል፤ ብጉንጅ ምን አላት፣ አብጣ ፈንድታ ትጠፋለች ይላል። የእኛዋ አትጠፋም ነበር። ከእናቴ ብብት ስትለቅ ወንድሜ አንገት ላይ ትወጣለች፤ ወንድሜን ስትለቀው እኔ ጭን ላይ ትመጣለች። አባቴ አንዴ መቀመጫው ላይ ወጥታበት ማዘጋጃ ቤት ቆሞ ሲሠራ ሰነበተ፤ ለጠየቀው ሁሉ «ወገቤን ነው» እያለ። እናቴን ግን ከሁላችንም አብዝታ ትመላለስባት ነበር። አንድ ዓመት ክንዷ እስከ ትከሻዋ አብጦ፣ በትኩሳት እየቃዠች ሆስፒታል አስተኛናት። ብጉንጅ ሰው ሊገድል እንደሚችል የገባኝ ያኔ ነው።

ከዚያ በፊት እናቴ የራሷ ሕክምና ነበራት። ጤና ጣቢያ የሚታዘዝላትን ባለ ሁለት ቀለም እንክብል ትጀምራለች፣ እብጠቱ ሲጎድል ታቆማለች፣ የተረፈውን ባዶ የወተት ቆርቆሮ ውስጥ ታስቀምጣለች። ከዚያ ቆርቆሮ ያልተካፈለ ጎረቤት አልነበረም። ጉሮሮውን የከረከረው፣ ጥርሱ የጠዘጠዘው ሁለት ሁለት ፍሬ ይወስዳል፤ እሱም በሌላ ጊዜ የተረፈውን አምጥቶ ይጨምራል። ቁስል ከሆነ ደግሞ እንክብሉ ይከፈትና ዱቄቱ ይነሰነስበታል። ሰፈሩ ሁሉ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። እናቴ በዚያ ቆርቆሮ ደግ ሴት ተብላ ትመሰገን ነበር፤ ለነገሩ ደግም ነበረች።

ሆስፒታል ያከማት ሐኪም ከቁስሉ መግል በጥጥ ወስዶ ለምርመራ ላከ። ውጤቱ ሲመጣ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ፣ «እናቴ፣ ይሄ ጀርም እርስዎ የሚያውቁትን እንክብል ሁሉ ለምዶታል» አላት። «ሲሻልዎ እያቆሙ፣ በትንሽ በትንሹ እያቀመሱ አለማምደውታል። አሁን የምሰጥዎ ይሠራል። ግን ጀርሙ አፍንጫ ውስጥም ቆዳ ላይም ይቀመጣል፤ ቤትዎ ካልተለወጠ ተመልሶ ይመጣል።» ከዚያም ነገራት፤ ለየሰው የራሱ ፎጣ፣ የራሱ ምላጭ፣ የራሱ አንሶላ። ልብሱ በፈላ ውሃ ይታጠብ፣ በፀሐይ ወይም በካውያ ይድረቅ። የተጀመረ መድኃኒት ይጨረስ።

እናቴ እስከ መጨረሻው ሰማችው። ከሆስፒታል በወጣች በሳምንቱ ቆርቆሮውን በነጠላዋ ሥር ይዛ ጤና ጣቢያ ሄደችና ጠረጴዛ ላይ ገልብጣ፣ «ይህን አስወግዱልኝ» አለቻቸው። ጎረቤት አኮረፈ። አንዲት ጎረቤታችን፣ «ጨከንሽ እንዴ?» ስትላት እናቴ፣ «አዎ፣ ዘንድሮ ጨክኛለሁ» ብላ መለሰችላት። ከእናቴ አፍ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ ስለማላውቅ ደስ ብሎኝ ሳቅኩ።

ፎጣዎቹን በክር ለየቻቸው። የእሷ ጠርዙ በቀይ ክር ተሰፋ፣ የአባቴ በሰማያዊ፣ የወንድሜ በአረንጓዴ፣ የእኔ በቢጫ። እያንዳንዱ የራሱ ምስማር ነበረው። ወንድሜ አንድ ቀን ፊቱን በቢጫው ሲጠርግ አግኝታው ወዲያው ፎጣውን ቀቀለችው፤ እስኪደርቅ እኔ ፊቴን በቀሚሴ ጫፍ ስጠርግ ዋልኩ፤ ወንድሜ ደግሞ እራት እስኪቀርብ የተቆጣችውን ቁጣ ዛሬም አይረሳም።

ችግር የሆነብን ፀሐይ ነው። በፀሐይ ይድረቅ የሚለው ትእዛዝ ከተማችንን መቱን ለማያውቅ ሰው የተነገረ ነው። የእኛ ሰማይ ማፍሰስ ከጀመረ አንሶላው ሰንብቶ ሲወርድ፣ ሲሰቀል ከነበረው ይብስ ይረጥባል። ቡና በሚለቀምበት ወራት ፀሐይ ሲወጣ ደግሞ የማድረቂያው አልጋ ሁሉ ቡና ተሰጥቶበታል። እዚህ ላይ አባቴ ገባ። አባቴ ከወጣትነቱ ጀምሮ የሱሪውን መስመር ለማንም አሳልፎ ሰጥቶ አያውቅም፤ ራሱ ነበር የሚተኩሰው። አሁን የከሰል ካውያውን በረንዳ ላይ አውጥቶ፣ ሥራ ከመግባቱ በፊት የቤቱን አንሶላና ፎጣ አንድ በአንድ፣ ከጨርቁ የሚወጣው እንፋሎት እስኪያልቅ መተኮስ ጀመረ። በመንገዱ የሚያልፉ ወንዶች፣ «ጋሼ፣ ልብስ ንጽሕና ከፈቱ እንዴ?» እያሉ ይቀልዱበታል። «አዎ፣ ያንተን ግን አልቀበልም» ይላቸዋል። ማዘጋጃ ቤትም ሳይቀር ሲቀለድበት ከረመ፤ ካውያው ግን አንድ ቀን አልቀዘቀዘም።

በዚህ ሁኔታ ብጉንጅ ቤታችንን እየራቀ ሄደ። ጨርሶ አልጠፋም፤ አልፎ አልፎ ብቅ ይላል። ግን የቤቱ ጌታ መሆኑ ቀረ።

እኔ ከመቱ ብዙም በማትርቀው ቡሬ አግብቼ የመጀመሪያ ልጄን ባረገዝኩ ጊዜ ክርክሩ ተነሳ። በእኛ ወግ የመጀመሪያ ልጅ ሲወለድ አራሷ እናቷ ቤት ነው የምትታረሰው። እናቴ ገና ትዳር ከመያዜ በፊት ጀምሮ ያን ቀን ስትጠብቅ ኖራለች። አማቴ ግን የብጉንጁን ወሬ ሰምታ ነበር። እሷ ክፉ ሴት አይደለችም፤ ነገር የምትደብቅ ሴትም አይደለችም። ለባለቤቴ፣ «ሕፃን ልጅ ቁስል ወዳለበት ቤት አይገባም። እዚሁ ቡሬ እኔ አርሳታለሁ» አለችው። እሱም ሳይሸፋፍን ነገረኝ፤ እኔም ለእናቴ ነገርኳት።

 እናቴም በስልክ፣ «እውነቷን ነው» አለች። «ቤቴ ንጹሕ ሆኖ ክረምቱን ከወጣ ነይ። ካልሆነ እዚያው ታረሺ፣ አልቀየምም።» እንደምትቀየም ግን አውቅ ነበር። አንዲት ሴት የልጇን የበኩር አራስ ቤት በበሽታ ምክንያት ብትነጠቅ መቱ ውስጥ እድሜ ልኳን የሚወራባት ነገር ነው።

ክረምቱ ወጣ። በዚያ ክረምት ቤት ባሉት በሦስቱም ላይ አንዲት ብጉንጅ አልወጣችም። የመውለጃዬ ወር ሲገባ ሻንጣዬን ይዤ መቱ ገባሁ። ቢጫው ፎጣ ምስማሩ ላይ ነበር፤ ከጎኑ አዲስ ትንሽ ምስማር ተመትቶ፣ በነጭ ክር የተሰፋች የእጅ መዳፍ የምታህል ፎጣ ተሰቅላበታለች።

በገባሁ በጥቂት ቀን እናቴ ክፍሌ በር ላይ መጥታ ቆመች። ወደ ውስጥ አልገባችም። እጅጌዋን ሰበሰበችና ክንዷን አሳየችኝ። ከክርኗ ዝቅ ብሎ ቀላ፣ ጠንከር ብሎ ተነስቷል። ምን እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን።

«ልደብቅሽ እችል ነበር» አለች። «ረጅም እጅጌ ለብሼ። ግን እንዲህ አድርጌ አያት አልሆንም። ከፈለግሽ ነገ ወደ ቡሬ ትመለሻለሽ። ካልፈለግሽ እዚሁ ትታረሻለሽ፤ እኔ ግን ቤቱን ለቅቄ እወጣለሁ፤ ልጅሽንም አልነካም። የምትወስኚው አንቺ ነሽ።»

አለቀስኩ። ከዚያ፣ «እዚሁ ነኝ» አልኳት። በማግስቱ ሆስፒታል ሄዳ ቁስሉ ተከፍቶ ፈሰሰ፣ መድኃኒትም ታዘዘላት። ነርሷ ሐሳባችንን ስትሰማ፣ «ቁስሉ እስኪደርቅ ሕፃኑንም ምግቡንም አይንኩ፤ ሌላው ሰው እጁን ታጥቦ ይግባ። እንደዚያ ካደረጋችሁ አትፍሩ» አለችን። እናቴ አልጋዋን ጓሮ ያለው ማድ ቤት አጠገብ ወዳለችው ክፍል አዛወረች። ታናሽ እህቷ፣ አክስቴ፣ እኔን እንድታጥብና እንድታሽ ከምትኖርበት ከኡካ ከተማ ተጠራች።

ሆስፒታል ሴት ልጅ ወለድኩ። ቤት ስንገባ እናቴ በረንዳው ዳር ቆማ እልል አለች፤ ሌላው ወደ እኛ ሲሮጥ እሷ ከቆመችበት አልተነቃነቀችም። አክስቴ የልጄን ፊት ከርቀት ገልጣ አሳየቻት። እናቴ ክንዷን ወደ ኋላዋ አድርጋ አንገቷን አስግጋ አየች፣ አየች፣ ከዚያ «አፍንጫዋ የአባቷ ነው፤ ምስኪን» አለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በረንዳው የእሷ ሆነ። ዱካ ላይ ትቀመጣለች፤ አጠገቧ ባሊ ውሃ፣ ጆግና ሳሙና አለ። ጠያቂ ሲመጣ ቅቤውን፣ ዶሮውን ይዞ ቀጥታ ወደ ውስጥ የሚያልፍ ካለ ድምፅዋ ይቀድመዋል። «እጅጌ ወደ ላይ! እስከ ክርን!» ውሃውን የሚያፈሰው ወንድሜ ነው፤ እሷ በዓይኗ ትቆጣጠራለች። ሽማግሌ የለም፣ ባለሥልጣን የለም። የታጠበውም ሰው እንዲሁ ሕፃኗን አይነካም፤ ደጃፉ ላይ ቆሞ፣ «ልቀፋት?» ብሎ እኔን ያስፈቅዳል። እኔም «እፈቅዳለሁ» ማለት አለብኝ። የመጀመሪያ ቀን እያፈርኩ ነበር የምለው። ኋላ ግን ወድጄው ነበር፤ ትናንት ልጅ ነበርኩ፣ ዛሬ ትልልቅ ሰዎች ደጄ ላይ ቆመው ፈቃዴን ይጠይቁኛል።

ከሁሉ ያስቸገረን ገንፎው ነው። የአራስ ገንፎ የእናት እጅ ነው የሚያገነፋው፤ የእናቴ እጅ ደግሞ ታስሯል። አክስቴ ከእኔና ከሕፃኗ ጋር ነበረች። አባቴ ማማሰያውን አነሳ። እናቴ ከማድ ቤቱ በር ውጭ ቆማ ታዘዋለች። «ቀስ ብለህ፣ ቀስ! ዱቄቱን አትድፋው፣ በትን! ከሥሩ አማስል እንጂ የምን ላይ ላዩን ማንሸራሸር ነው?» አባቴ በላብ ተጠምቆ፣ «ለመሆኑ ማዘጋጃ ቤት እንደዚህ ጮሆብኝ ያውቃል?» ይላል። የመጀመሪያው ገንፎ ጓጓላ ነበር። በላሁት፤ ከዚያ በኋላ ከበላሁት ገንፎ ሁሉ የማልረሳው እሱን ነው።

አማቴ የመጣችው በዚህ መሃል ነው። ሁለት ዘመዶቿን ይዛ፣ ማርና ቅቤ አስይዛ፣ ከቡሬ በኮንትራት መኪና። መኪናው አስፋልቱ ላይ ቆሞ ሲጠብቅ አየነው። እንዲሁ ልታየኝ ብቻ አልመጣችም፤ እኔንና ልጇ የወለዳትን ሕፃን ይዛ ልትመለስ ነው። ወንድሜ ከሹፌሩ ሰምቶ ሮጦ መጥቶ ይህን በጆሮዬ ነገረኝ። በመስኮቱ በረንዳው ይታየኛል።

አማቴ በኦሮምኛ ሰላምታ «አካም ጂርቱ» እያለች ክንዷን ዘርግታ እናቴን ልትስም ተጠጋች። እናቴ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። በረንዳው ላይ የነበሩ ጎረቤቶች ሁሉ ወደ ሁለቱ ዞሩ።

«አይሳሙኝ፣ እትዬ» አለች እናቴ። ድምፅዋን ዝቅ አላደረገችም። «የሰሙት እውነት ነው። ክንዴ ላይ ብጉንጅ አለብኝ። ሕፃኗ ሳትወለድ ነው ቤቱን ለቅቄ ጓሮ የገባሁት። ልጅቷን እስካሁን አላቀፍኳትም።»

«አላቀፏትም?» አለች አማቴ።

«አንድ ቀንም። ከዚህ ሆኜ ነው የማያት።»

አማቴ በረንዳውን አየች። ባሊውን፣ ሳሙናውን፣ በክር የተለዩትን ፎጣዎች፣ ጥግ ላይ በካውያ የተተኮሰውን የአንሶላ ክምር አየች። ማድ ቤቱ በር ላይ ማማሰያ ይዞ የቆመውን አባቴን ስታይ ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ፤ ሳቅ ይሁን ሌላ አላወቅኩም። ወደ ዘመዶቿ ዞረችና «ዱጋ ዱበቴ» አለች፤ እውነት ተናገረች ማለቷ ነው። ከዚያ እጅጌዋን ሰበሰበች፣ እስከ ክርኗ ታጠበች፣ መጥታ ደጃፌ ላይ ቆመች። «ልቀፋት?» አለችኝ። ማንም ሳይነግራት።

ልጄን አቅፋ ከቆየች በኋላ ወደ አንዱ ዘመዷ ዞራ፣ «ሹፌሩን ይሂድ በለው» አለችው። «እኛ በአውቶቡስ እንመለሳለን። አራሷ ያለችበት ቤት ደህና ነው።» ማታ ሲሄዱ የአባቴን ገንፎ ቀምሳ፣ «የእኛ ሰውዬ ውሃ እንኳ አያፈላም» ብላ ሄደች። አባቴ ይህን ቃል ዛሬም ሰው ሲሰበሰብ ያነሳዋል።

የእናቴ መድኃኒት እስከ መጨረሻዋ ፍሬ ተወሰደ። ቁስሉ ደረቀ። ነርሷ አይታ «አሁን ይችላሉ» ያለቻት ቀን ጠዋት እናቴ በረንዳው ላይ ሳሙናዋን አንስታ እስከ ክርኗ ታጠበች፣ እንደገና ታጠበች። አባቴ የተኮሰውን ነጠላ ገና ሙቀቱ ሳይለቅ ደረቷ ላይ አደረገላት። እጆቿን ወደ ላይ ይዛ መጣችና እንደ ጠያቂው ሁሉ ደጃፉ ላይ ቆመች።

«ልቀፋት?»

«እማዬ፣ ምን ነካሽ? ቤትሽ አይደል እንዴ» አልኳት።

«ቤቱ የእኔ ነው። ልጅቷ ያንቺ ናት።»

በእሺታ ራሴን ነቀነቅኩ። 

«በአፍሽ በይ» አለች። «ሌላውን ሰው ሁሉ በአፉ አስጠይቄያለሁ።»

«እፈቅዳለሁ» አልኳት።

ተቀበለቻት። ትንፋሿ ሕፃኗ ላይ እንዳያርፍ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ፣ እንባዋ በጉንጯ ሲወርድ፣ እጇ ተይዟልና መጥረግ አልቻለችም። አባቴ ትከሻው ላይ የነበረውን ፎጣ አንስቶ ሊጠርግላት ሲጠጋ፣ ሳትዞር በዓይኗ ጫፍ ሰማያዊውን ክር አየችው።

«የኔን አምጣ» አለችው፤ «ቀዩን።»