ወደ ቦዩ የዞረ ወንበር

አጎቴ ለሕክምና ከአዲስ አበባ ባንኮክ ሲሄዱ፣ እኔም ከዳላስ ፈቃድ ወስጄ ላስታምማቸው ሄድኩ። ያረፍንበት ቤት ቦይ ዳር ነበር፤ ጠዋት ጠዋት አንዲት ሴት በጀልባ የተጠበሰ ዓሣና ሽሪምፕ ታመጣልናለች። ሽሪምፕ በሃይማኖታችን አይበላም፤ እሳቸው ዓሣውን እንኳ ቅርፊት እንዳለው በጥፍራቸው ሳያረጋግጡ አይቀምሱም። እኔ ሽሪምፑን ስመኝ ሲያዩ ግን ወንበራቸውን ወደ ቦዩ ያዞራሉ።

«ብላ ልጄ፣ እኔ አላየሁም።»

በኋላ ዳላስ አጠገብ ጋርላንድ፣ እኔ ቤት መጥተው ሲኖሩም ያው ነበሩ፤ ወንበሩ ወደ መስኮቱ ይዞራል።

ካረፉ ወር አለፋቸው። ትናንት ደብል፣ ሁለት ፈረቃ በተከታታይ ሠርቼ፣ ዝዬ፣ ሽሪምፕ ይዤ ገባሁ። ወንበራቸው አሁንም እንደዞረ ነው። «ብላ» የሚለኝ ስለሌለ ሽሪምፑን እንደታሸገ ፍሪጅ ውስጥ ከተትኩት።