የቆርቆሮ ባንድ ሁለተኛ አልበምና ያጠፋሁት ጭብጨባ

ፈረንሳይ ለጋሲዮን ዳገቱ ላይ ካለው የጋሽ ተድላ ስቱዲዮ ሥራ የጀመርኩ ዕለት ማይክ የምነካ መስሎኝ ነበር። ጋሽ ተድላ ግን ገመድ አሸክመው አጠቀላለሉን አሳዩኝ፤ አንዱ ዙር ወደ ውስጥ፣ ቀጣዩ ወደ ውጭ። ቀኑን ሙሉ ገመድ ስጠቀልል ዋልኩ። ከረዳትነት ወደ ኤዲተርነት ለማደግ ሦስት ዓመት ፈጀብኝ። ካደግኩ በኋላ ራሴን እንደ ሚኒስትር ማየት ጀመርኩ።

በዚያው ሰሞን ቆርቆሮ ባንድ ሁለተኛ አልበሙን ሊቀዳ መጣ። ሦስት ወጣቶች ናቸው፤ ሁለት ሲንተሳይዘር፣ አንድ ድራም ማሽንና የሜሮን ድምፅ። ዜማውን የምትደርሰውም ሜሮን ናት። የመጀመሪያው አልበም ተወዶላቸዋል። "ሁለተኛው ካልሆነ ያኛውን በዕድል ነው የሠሩት ይሉናል" እያለች ትጨነቃለች።

ከሜሮን ድምፅ በቀር ሁሉም ነገር ከማሽን የወጣ ነው፤ ጭብጨባው ብቻ የሰው ነበር። ሜሮን አያት ኮንዶሚኒየም ያሉ ጎረቤቶቿን፣ ሰርግ የሚያደምቁ አሥር ሰዎች፣ ሰብስባ አመጣች።

እኔ የተቀዳውን ጭብጨባ ኮምፒዩተሩ ላይ ሳየው አንዱ ቀድሞ ሌላው ዘግይቶ፣ የተዝረከረከ መሰለኝ። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት እንዲሉ፣ እያንዳንዷን ጭብጨባ በድራም ማሽኑ ምት ልክ አሰለፍኳት። አራት ቀን ፈጀብኝ። ሥራዬ ስላኮራኝ ኦሪጂናሉን ቦታ ያጣብባል ብዬ አጠፋሁት። ይኼን ስጽፍ አሁንም አፍራለሁ።

ጋሽ ተድላ ሚክስ፣ ማለትም ተቀናብሮ ያለቀውን ዘፈን፣ የሚፈትኑት ታክሲ ውስጥ ነው። ለሚያውቁት ሾፌር ፍላሹን ይሰጡና የተሳፋሪውን ትከሻ ያያሉ። ያን ቀን ከሜሮን ጋር ሦስት ሆነን ተሳፈርን። አራት ኪሎ እስክንደርስ አንድ ትከሻ አልተነቃነቀም። ሾፌሩ ጭራሽ የስልክ መጥሪያ ነው ወይ ብሎ ጠየቀን።

በማግስቱ ሜሮን ዓይኗ አብጦ መጣች።

"ዜማው ነው የደከመው" አለች። "ይቅር፣ አናወጣውም።"

ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም። ሆዴ ግን እምቢ አለኝ።

"ዜማሽ ምንም አልሆነም" አልኳት። "ጭብጨባውን የገደልኩት እኔ ነኝ። ኦሪጂናሉንም አጥፍቼዋለሁ።"

ጋሽ ተድላ መነጽራቸውን አውልቀው ብዙ ጠረጉት። እኔ ከሥራ መባረሬን እየጠበቅኩ ነው። ሜሮን ግን ወንበር ስባ ተቀመጠች።

"እና ዜማው ደህና ነው?" አለችኝ።

"ደህና ነው።"

ሳቋ መጣ፤ እየሳቀች እንባዋን ጠረገች። እኔም አብሬያት አለቀስኩ።

ጋሽ ተድላ አላባረሩኝም። አጨብጫቢዎቹን ራሴ ሄጄ እንድለምን ፈረዱብኝ። መገናኛ ባቡር ይዤ አያት ወረድኩና ፎቅ እየወጣሁ በር አንኳኳሁ። ሁሉም የፊተኛው ምን ሆነ ይላሉ፤ እኔም በየበሩ ጥፋቴን ተናዘዝኩ። አንዲት የሒሳብ አስተማሪ በሳቅ ፈርሰው፣ "እኔን ያረመ ተማሪ እስከዛሬ አላጋጠመኝም ነበር" አሉ።

ቅዳሜ አሥሩም መጡ። ጋሽ ተድላ እኔንም መሃላቸው አቁመው አስጨበጨቡኝ። ሰኞ ታክሲው ገና ቀበና ሳይደርስ፣ ኋላ ወንበር የተቀመጡ እናት ዘንቢላቸውን እንዳቀፉ ትከሻቸው መነቃነቅ ጀመረ። ሜሮን እጄን ጨምድዳ ያዘችኝ። አልበሙ ወጣ፤ ተወደደም።

ለጀማሪ ኤዲተሮች የምለው አጭር ነው። ኦሪጂናል አታጥፉ። ካጠፋችሁም ቶሎ ተናገሩ፤ እናንተ ዝም ስትሉ ሌላው ሰው ጥፋቱን ከራሱ ላይ ይፈልጋል።